ጥላ የያዘችው እጅ

አምሳሉ ከመጽሐፍ ኪራይ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የመጽሐፉን ጀርባ በመሐረቡ ይጠርግ ነበር። ጭቃው ለቀቀ፤ ውሃው ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዱን ገጽ ገለጥ አድርጎ እፍ አለበት። የሚቀጥለውንም ገለጠና እፍ አለ። የሐምሌ ዝናብ ደብረ ማርቆስን ከጠዋት ጀምሮ እየወቃት ነው። ባጃጆቹ የመንገዱን ውሃ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። መጽሐፉን እንዲህ ያደረገችው ከነሱ አንዷ ናት።

«በእፍታ የሚደርቅ ቢሆን ኖሮ እኔም ልብሴን እንደዚያ አደርቅ ነበር!»

ቀና አለ። አንዲት ወጣት ከባንኮኒው ጀርባ ክንዷን ተደግፋ ታየዋለች። ምን ያህል ጊዜ ስታየው እንደቆየች አላወቀም። ጆሮው ጋለ።

«ባጃጅ ነው የረጨኝ። ይቅርታ... ሌላ ገዝቼ እተካዋለሁ።»

«ከየት ገዝተህ? ከታተመ አርባ ዓመት አልፎታል። እኔ የማውቀው ይህን አንዱን ብቻ ነው። ደግሞስ የተከራየችው መሲ የምትባል ልጅ ናት፤ አንተ ከየት መጣህ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንብበህ መልስልኝ ብላኝ ነው።»

«ግባ እንጂ! አንተንም ዳግመኛ ሊረጭህ ነው።»

ገባ። ልጅቷ መጽሐፉን ተቀበለችውና አሮጌ ጋዜጣ እየቀደደች በእርጥቦቹ ገጾች መካከል አንድ በአንድ ታስገባ ጀመር። ጣቶቿ አይቸኩሉም።

«እስቲ ንገረኝ፤ የት ጋ ሳቅህ?»

«ምን?»

«መጽሐፍ የመለሰ ሁሉ ይህን ይጠየቃል። የቤቱ ሕግ ነው።»

መጽሐፉ «ያልፈረሰው ድልድይ» ይባላል። አንድ ጋዜጠኛ ጎርፍ ያሰጋውን ድልድይ አይቶ እንዲዘግብ ይላካል። መንገድ ላይ ጠጅ ቤት ይገባና እዚያው ይቀራል። ከጠጅ ቤቱ ሆኖ «ድልድዩ ዓይኔ እያየ ፈረሰ» ብሎ ይጽፋል። ድልድዩ ግን ደህና ቆሟል። ጋዜጣው ፈርሷል ስላለ ሰው መሻገር ይተዋል፤ ገበያ ይቆማል፤ ሙሽራ ከወንዙ ማዶ ትቀራለች። በመጨረሻ ሹማምንቱ ጋዜጣው ውሸታም እንዳይባል ሲሉ ደህናውን ድልድይ ራሳቸው ያፈርሱታል።

አምሳሉ አሰበና መለሰ። «ጠጅ ቤት ተቀምጦ 'የድንጋዩ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም' ብሎ የጻፈው ጋ።»

«ሁሉም እዚያ ጋ ነው የሚስቀው» አለች። «እኔ እዚያ ጋ ስደርስ አፍራለሁ።»

«አንቺ ለምን ታፍሪያለሽ? አልዋሸሽም!»

«ከወንዙ ማዶ ስላሉት ሰዎች ነዋ። ማንም መጥቶ ሳይጠይቃቸው ወሬ ስለሆኑት።» ቀና ብላ አየችው። «ሥራህ ምንድን ነው?»

ሌላ ነገር ለማለት ፈለገ። «...ጋዜጠኛ ነኝ። ሬዲዮ ላይ።»

ልጅቷ የያዘችውን የጋዜጣ ቁራጭ አየችና ሳቀች። «እንግዲያው ጋዜጣ ለምን እንደሚጠቅም ዛሬ ተማርክ!»

ስሟ ወንጌላዊት ነበር።

አምሳሉ በዚያ ቀን በዝናቡ እየተመታ በእግሩ ተመለሰ። ሳቋ ደስ ብሎታል። የተናገረችው ግን ደረቱ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቷል። ምክንያቱም አምሳሉም አንድ ድልድይ አፍርሷል።

በሚሠራባት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ያንን መጽሐፍ ያላነበበ የለም። ያላነበበ ቢኖር እንኳ ጥያቄውን ያውቃል። ዋና አዘጋጁ ጋሼ አስማማው ማንኛውንም ዜና ከማሳለፋቸው በፊት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ድልድዩን አየኸው?» ይላሉ። በዓይንህ አይተሃል ወይ ማለታቸው ነው። ዘጋቢው «አየሁት ጋሼ» ይላል። ዜናው ያልፋል።

ባለፈው ጥቅምት ጋሼ አስማማው አምሳሉን ስለ ቅኔ ትምህርት ቤት ዘገባ እንዲሠራ ወደ ዲማ ልከውት ነበር። ሉማሜ ሲደርስ መኪናው ተበላሸ። ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ከዲማ በኩል የመጣ መሳፍንት የሚባል ሹፌር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ አኩፋዳ አንግተው ከሰው ደጃፍ ቆመዋል። አኩፋዳ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ለምኖ ያገኘውን የሚይዝበት ነው።

«ማን ናቸው?»

«የኔታ ኪዳነ ማርያም ናቸዋ! የቅኔው መምህር።»

«መምህሩ ራሳቸው ይለምናሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳልፍ አየኋቸው፤ አነሳኋቸው።»

ተማሪ ሲለምን አምሳሉም ያውቃል። የገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ስንቱን ተማሪ ከደጃፏ አጉርሳ ሸኝታለች። መምህር ሲለምን ግን አይቶ አያውቅም። መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። ፎቶውን ወደ ስልኩ አስልኮ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በጠራራ ፀሐይ ከሰው ደጅ ቆመው፣ እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ልጃቸው እንኳ ከተማ ገብታ ረስታቸዋለች።» ሴት ልጅ እንዳለቻቸው የነገረው መሳፍንት ነው። ረሳቻቸው ያለው ግን አምሳሉ ራሱ ነው። አንቀጹ እንዲያ ካላለቀ የጎደለው መሰለው።

በፎቶው ጠርዝ ላይ ጥላ የያዘች አንዲት የሴት እጅ ነበረች። የሽማግሌውን ብቸኝነት አበላሸችበት። ቆርጦ አወጣት።

«ድልድዩን አየኸው?» አሉ ጋሼ አስማማው።

«አየሁት ጋሼ።»

መሲ በአየር ላይ ስታነበው ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር። ፎቶው በጣቢያው የፌስቡክ ገጽ ወጣ፤ ሰው ተቀባበለው። የአምሳሉ ስም አልተጠራም፤ «በስፍራው የተገኘው ዘጋቢያችን» ነው የተባለው። ቢሮው ውስጥ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን መጽሐፍ ማየት ይፈራ ነበር። መሲ በሐምሌ እጁ ላይ እስክታስቀምጠው ድረስ።

*

ክረምቱ ረጅም ነበር፤ ለአምሳሉ ግን አጠረበት። በሁለት ቀን አንዴ መጽሐፍ ሊከራይ ይሄዳል። ወንጌላዊት ለደንበኛ የምትመርጠው እንደ ሐኪም ነው፤ ፊቱን ታይና «ለአንተ ዛሬ የሚያስቅ ነው የሚያስፈልግህ» ትላለች። በነሐሴ ከኪራይ ቤቱ ጣሪያ ክንፍ ስር ቆመው የተጠበሰ በቆሎ ይበላሉ። ከመሃል ትሰብረውና ትልቁን ለሱ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ ትንሹን ይነጥቃታል።

«አንተ ልጅ፤ የምትከራየውን መጽሐፍ ታነበዋለህ?»

«አንዳንዱን።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን... አንቺን ለማየት ነው።»

ብሎ ራሱ ደነገጠ። ወንጌላዊት የበቆሎውን ቆረቆንዳ በእጇ አዟዟረችው።

«ጋዜጠኛ እንዲህ በቀስታ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አለች። ከዚያም «ደግመህ በለው» አለችው።

ደግሞ አለው። በዚያ ቀን ዝናቡ ቢያባራም ሁለቱም ከጣሪያው ስር አልወጡም።

ስለ ቤተሰቧ ብዙ አታወራም። «ገጠር ናቸው፤ አባባ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው» ብላ ታልፋለች። እሱም አይጠይቅም። በሙያው መጠየቅ ያለበት ሰው መጠየቅ ይፈራል።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወንጌላዊት በሩን ገርበብ አድርጋ ጠራችው።

«አንድ ነገር ልለምንህ?»

«የፈለግሽውን።»

«ሰው ፈልግልኝ። ከናንተ ቤት ነው።»

ስልኳን ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ነጭ ጥምጥም። አኩፋዳ። የሰው ደጃፍ። አምሳሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባባ ናቸው» አለች።

አምሳሉ ዓይኑን ከፎቶው አላነሳም።

«በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። ልመና ያፍራሉ። አንዳንዱ ከደህና ቤት የወጣ ነው፤ ከሰው ደጅ ቆሞ 'በእንተ ስማ ለማርያም' ከሚል መሞት ይሻለዋል። ስለዚህ አባባ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው አኩፋዳ አንግተው ይቀድሟቸዋል። 'መምህራችሁ ያላፈረበትን እናንተ አታፍሩበትም' ይሏቸዋል። አርባ ዓመት እንዲህ አድርገዋል! ሰፈሩ ቀኑን ያውቃል፤ ደህና ደህናውን ዳቦ ያቆይላቸዋል። ለኛ እንደ ዓመት በዓል ነው።»

«ይህን... አላወቅሁም።»

«እንዴት ታውቃለህ! የጻፈው ሰውም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ሰው በመኪና እየመጣ፣ አሮጌ ልብስ ይዞ፣ ስልክ ደግኖ ይቀርጻቸው ጀመር። አንዱ 'አባት፣ ትንሽ ያልቅሱልን' አላቸው! የተማሪ ወላጆች 'መምህሩ ራሱ የሚበላው የለውም' ብለው ልጆቻቸውን ወሰዱ። ከአሥራ አንድ አራት ቀሩ። እኔንማ ተወው... ያቺ ከሃዲ ልጃቸው ተባልኩ።»

ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ዘንድሮ አልወጣም ብለዋል፤ አምሳሉ። ማፈር የማያውቁት አባባ አፈሩ! ቀኑ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። የጻፈውን ሰው አግኝልኝ። አልሰድበውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቀው ነው።»

«እሺ... አጣራለሁ።»

ወንጌላዊት እጁን ያዘችው። «አንተ እኮ ደግ ነህ» አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

*

ለዘጠኝ ቀን ወደዚያ ሰፈር አልሄደም። ስትደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ። ቢሮ ውስጥ መሲ ጠረጴዛው ላይ ቂጢጥ ብላ አየችው።

«ምነው ፊትህ ከሰል መሰለ? ልጅቷ ጣለችህ እንዴ?»

«ገና ናት።»

«ገና ናት ማለት?»

«ትጥለኛለች ማለት ነው።»

በአሥረኛው ቀን ሄደ። ወንጌላዊት ስታየው ፊቷ በራ። ያ ብርሃን የሚጠፋው በሱ አፍ መሆኑን አውቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ጠፋህብኝ እኮ! አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ማን ነው?»

ሊናገር የተዘጋጀበት ብዙ ነበር። በመንገድ ላይ ሲደረድረው የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

«እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቱን አየችና ፈገግታው ከከንፈሯ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። አልጮኸችም።

«እንግዲያው ጥያቄዬን ልጠይቅህ» አለች። «አባባ ሲያለቅሱ በዓይኔ አየሁ ብለሃል። ያን ቀን ፀሐይ ነበር ዝናብ?»

«...አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። በረዶ ነበር የጣለው! ጥቅምት ላይ እንዲህ ያለ በረዶ አይተን አናውቅም ብሎ አገሩ ሁሉ ያወራው ነበር። አንተ ግን 'በጠራራ ፀሐይ' አልክ።»

«ጥላ ስላየሁ... ወሩም ጥቅምት ስለሆነ... ፀሐይ መሰለኝ።»

«የቱን ጥላ? ፎቶው ላይ ጥላ የለም እኮ!»

ከዚህ በኋላ የቀረውን ላለመናገር ይችል ነበር። ግን የመጣው ለዚህ ነው።

«ነበረ። ዋናው ፎቶ ላይ ጥላ የያዘች የሴት እጅ ነበረች። እኔ... ቆርጬ አወጣኋት።»

ወንጌላዊት ቀኝ እጇን አየች። ባንኮኒው ላይ ተዘርግታ ነበር። ቀስ ብላ ሰበሰበቻትና ከባንኮኒው ስር ደበቀቻት።

«የኔ እጅ ናት» አለች። «ከጎናቸው ነበርኩ። ረሳቻቸው ያልካት ልጅ ጥላ ይዛላቸው ነበር።»

«ወንጌል...»

«ወንጌል አትበለኝ። ሂድልኝ አምሳሉ። እባክህ ሂድልኝ!»

*

ጋሼ አስማማው መነጽራቸውን ገና ወደ ግንባራቸው ሳይሰቅሉ አምሳሉ ቀደማቸው።

«ጋሼ፤ ድልድዩን አላየሁትም።»

«የቱን?»

«የየኔታ ኪዳነ ማርያምን። ሉማሜ ሻይ ቤት ነበርኩ።»

ሁሉንም ነገራቸው። ጋሼ አስማማው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ፤ ገጠሙ፤ ደግመው ፈቱ።

«ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ማን ያስታውሰዋል?»

«የኔታ ያስታውሳሉ። ልጃቸውም ታስታውሳለች። በስሜ ማስተካከል እፈልጋለሁ።»

«ጣቢያው ምን ይባላል ልጄ? ከዛሬ በኋላ ማን ያምነናል?»

«ታዲያ ጋሼ፤ ውሸታም እንዳንባል ደህናውን ድልድይ እናፍርሰው?»

የሰውየው እጅ ቆመ። ያንን መጽሐፍ ተማሪ ሳሉ ነው ያነበቡት፤ ሥራቸውን የመረጡትም በሱ ነው እያሉ ሲናገሩ አምሳሉ ሰምቷል።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'አየኸው?' እያልኩ ስጠይቅ» አሉ «'አየሁት' የሚለኝን ሁሉ አምኜ አሳልፍ ነበር። መጠየቄ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ። ፎቶው ከማን እንደመጣ እንኳ አልጠየቅሁህም። እኔም ከአንተ ጋር ነው የማፍረው።»

«ጋሼ...»

«ሰኞ ትናገራለህ። በስምህ፣ በራስህ ድምፅ። አስቀድመህ ግን ሂድና እይ። በዓይንህ!»

*

ሉማሜ ላይ መኪናው ለሻይ ሲቆም አምሳሉ አልወረደም። መኪና ቀይሮ፣ ከዚያም መንገዱ ካለቀበት በእግሩ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ዲማ ደረሰ። ከየኔታ ግቢ መግቢያ አንድ ድንጋይ አነሳና በጫንቃው ተሸከመ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚገባው። የኔታ ከወይራ ስር ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ ከበዋቸዋል።

«ድንጋዩ ይከብዳል?» አሉ የኔታ።

«አዎ የኔታ።»

«እንግዲያው እዚያ አጥሩ ጋ አድርገው። በሬው ጥሶብናል፤ ይጠቅመናል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አምሳሉ ድንጋዩን አስቀምጦ ተመለሰና በጉልበቱ ተንበረከከ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«በዚህ ጉባኤ የተሳሳተ ሰው ይቅርታ አይልም» አሉ ሽማግሌው። «የተሳሳተውን ራሱ ደግሞ ይናገረዋል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ። ከዚያ ያቃናዋል። ተነስ፤ ያልከውን በል።»

አምሳሉ ቆመ። ቃሉን በቃሉ ያውቀዋል።

«በጠራራ ፀሐይ...»

«በረዶ ነበር!» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ።

«ዝም በል፤ ይጨርስ» አሉ የኔታ።

«...ከሰው ደጅ ቆመው፣ እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።»

«እንባውን ከየት አመጣኸው?»

«ከሻይ ቤት፤ የኔታ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ጺማቸውን ያዙ። «ቀጥል።»

«ልጃቸው እንኳ... ከተማ ገብታ...»

ቀና ሲል ወንጌላዊት ከቤቱ በር ላይ ቆማለች። ለነገው ቀን መምጣቷን ማወቅ ነበረበት።

«በለው!» አሉ የኔታ። አሁን አይስቁም።

«...ረስታቸዋለች።»

አምሳሉ ከመጀመሪያው ጀመረና አንድ በአንድ አቃናው። ፀሐዩን በበረዶ። እንባውን «አላየሁም» በሚል ቃል። ልጅቱ ጋ ሲደርስም አላቆመም። «ልጃቸው ከጎናቸው ቆማ ጥላ ይዛላቸው ነበር። እኔ ነኝ ከፎቶው ያወጣኋት።»

ወንጌላዊት ወደ ውስጥ ገባች።

የኔታ መሬት መሬቱን አዩ። «አንተ የድርሻህን ተወጣህ» አሉ። «እኔ ግን አልተወጣሁም። አርባ ዓመት 'አትፈሩ' እያልኩ አስተምሬ የአንድ ቀን ወሬ አሳፈረኝ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ በዚያ ፎቶ ይመስለኛል። ነገ እግሬ ከዚህ በር የሚወጣ አይመስለኝም፤ ልጄ።»

ይህን ሲሰማ አምሳሉ እስከ ዛሬ ያፈረው ማፈር ምንም እንዳልነበረ ገባው። የራሱን ስም ሲጠብቅ ነበር የከረመው።

«እኔ ልቅደምዎት፤ የኔታ?»

«አንተ?»

«አኩፋዳውን ይስጡኝ።»

*

በማግስቱ ጠዋት አምሳሉ አኩፋዳ አንግቶ ከመጀመሪያው ደጃፍ ቆመ። ከኋላው ዘንድሮ የመጡ አራት አዲስ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ውሻ ጮኸ። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም።

«በእን...»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሲል አስነጠሰው። እትዬ የብርጓል የሚባሉት የቤቱ እመቤት ወጡና ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሱሪው የተተኮሰ የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከየት መጣ?»

ፊቱ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ፤ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

እትዬ የብርጓል ገብተው ትኩስ ዳቦ ይዘው ወጡ። «የኔታስ? ዘንድሮም ጠብቄአቸው ነበር እኮ» አሉ። በሁለተኛው ደጃፍም ያንኑ ጠየቁት። በሦስተኛው ደጃፍ ገና አፉን ሳይከፍት ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ከፍ አድርገህ በላት! ምን አሾከሾከህ?»

የኔታ ኪዳነ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው በመንገዱ መሃል ቆመዋል። ወንጌላዊት ከጎናቸው ናት። እትዬ የብርጓል ከመጀመሪያው ደጃፍ እልልታውን አቀለጡት! የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ሽማግሌው ቀርበው አኩፋዳውን ከአምሳሉ ትከሻ አወረዱና በራሳቸው ትከሻ አነገቱ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው የማርያምን ስም ጠሩ። ድምፃቸው የሰባ ዓመት ሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

አምሳሉ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፤ ጥርት ያለ ነበር። ያን ብቻ ልብ ብሎ ያዘ።

ወንጌላዊት በአጠገቡ ስታልፍ አላየችውም። ወይም ያላየችው መሰለች።

*

ሰኞ በጣቢያው ላይ ስሙን ተናገረ፤ የመጽሐፉን ድልድይም ጠቅሶ። መጀመሪያ ስህተቱን፣ ቀጥሎ እውነቱን፤ የኔታ እንዳስተማሩት። መሲ ከመስታወቱ ማዶ አቀርቅራ ነበር። በፌስቡኩ ላይ ሰው ያለውን ሁሉ አነበበው። ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩት «ድልድዩ ደህና ነው ወይ!» እያሉ ይጮኹበታል። ጋሼ አስማማው ከዘገባ አውጥተው የጠፋ ከብትና የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ እንዲያነብ አደረጉት። አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ግን ይሄዳል።

በኪራይ ቤቱ በኩል ማለፍ አልደፈረም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ አርብ ስልኩ ጠራ።

«ሁለት ልጆች ተመለሱ» አለች ወንጌላዊት፤ ሰላምታም የላት። «ወላጆቻቸው ሬዲዮ ሰምተው ነው ያመጧቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን...»

«ነገ ወደ አባባ እሄዳለሁ። 'ያ ልጅ የት ገባ?' እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም ጠይቄአለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በየኔታ ቤት ጥላ ስር ጎን ለጎን ተቀምጠው ለተማሪዎቹ እራት እሸት ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«አልረሳሁትም» አለች።

«አትርሺው።»

«እጄን ቆርጠህ እንዳወጣህ ሳስብ አሁንም ያመኛል።»

«አውቃለሁ። እኔም ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።»

«ግን ደግሞ... እነግራታለሁ ብለህ የመጣኸው አንተ ነህ። ማንም አላጋለጠህም። ይህንንም መርሳት አልቻልኩም።» አንድ ባቄላ ፈለፈለች። «እወድሃለሁ። ነገር ግን ስትናገር እየመረመርኩህ ነው። ይከብድሃል?»

«መርምሪኝ። ዕድሜ ልክሽን።»

ጣቶቿ ቆሙ። «ዕድሜ ልክሽን አልክ?»

«አልኩ።»

«ደግመህ በለው።»

ደግሞ አለው። ወንጌላዊት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«እንግዲህ ሽማግሌ ልከህ በወጉ ትጠይቃለህ። በሬዲዮ እንዳታውጀው ብቻ!»

«እኔ እኮ የማነበው የጠፋ ላም ነው አሁን።»

«እንዲያውም 'አንዲት ልጅ ተገኘች' ብለህ ታነበዋለህ!»

ትከሻዋን ወደ ትከሻው ጠጋ አደረገች። አምሳሉ አልተነቃነቀም፤ ቢነቃነቅ የምትሄድ መሰለው። ከፊታቸው ጥቂት ባቄላ ብቻ ቀርቷል። እሷ አንዱን አነሳች፤ እሱ አንዱን። የመጨረሻውን ለሁለት ከፈቱት። አምሳሉ ገለባውን በእጁ ሰብስቦ አንድ ጥግ ከመረው፤ በባቄላ የተሞላውን ሳህን አነሳና በመደቡ ላይ አስቀመጠው።